ሦስት ጊዜ የተሸጠው አሥር ዶላር

ፍኖተ ሰላም ባንክ ቤት ስቀጠር ከተሰጡኝ ሥራዎች አንዱ በየጠዋቱ የውጭ ገንዘቦችን ተመን በጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነበር። ከሁሉም በላይ የአሜሪካ ዶላር አለ። አንድ ዶላር፣ ሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም። እዚያ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ይህ ቁጥር አንድም ቀን ሲለወጥ አላየሁም። ደንቡ ግን “በየዕለቱ ይጻፋል” ይላል፤ ስለዚህ በየጠዋቱ የትናንቱን በእርጥብ ጨርቅ አጠፋና ያንኑ መልሼ እጽፋለሁ። ሥራ አስኪያጃችን አንድ ቀን “ለምን እንዲሁ አትተዪውም?” ቢለኝ “ያን ጊዜ የትናንቱ ይሆናላ” አልሁት። በሥራ ላይ ቀልድ አልወድም ነበር።

ሰሌዳውን ትኩር ብሎ ሲያነብ ያየሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የእህል ገንዘቡን ሊያስቀምጥ የመጣ የቋሪት ገበሬ።

“እቴ፣ ይኸ የምን ዋጋ ነው?”

“የዶላር ነው።”

“በቁና ነው በኪሎ?”

“በአንድ።”

እንደገና አየው። “እርካሽ ነው፤ ግን ማን ያመጣዋል” ብሎ ሄደ። የዚያን ዘመን የውጭ ምንዛሪ ከዚህ አሳጥሮ የገለጠልኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

እኔ አዲስ አበባ ድረስ ተልኬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተምሬዋለሁ። ሕጉ አጭር ነው። የውጭ አገር ገንዘብ እጁ የገባ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ለባንክ ያስረክባል። ከባንክ በቀር ማንም አይገዛም፣ ማንም አይሸጥም። ዋጋው ሰሌዳው ላይ ያለው ነው። ከዚያ ሳንቲም ያስበለጠ የኢኮኖሚ አሻጥረኛ ይባላል፣ አሻጥረኛ የተባለ ሰውም ቶሎ ወደ ቤቱ አይመለስም። አውቆ ዝም ያለ የባንክ ሠራተኛ ከአድራጊው እኩል ይጠየቃል። ይህችን የመጨረሻዋን ለፈተና ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቼባታለሁ። በአውራጃው ይህን ሕግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የሚጥሰውም አልነበረም፤ ዶላር ያለው ሰው አልነበረማ።

የመጀመሪያው ተላላፊ አባቴ ሆኑ።

አባቴ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች የማርያም ደብር ቄሰ ገበዝ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ንብረት ሁሉ፣ ከመጋረጃው እስከ ሻማው፣ በእሳቸው እጅ ነው። የሣር ክዳኑ አርጅቶ ክረምት በመጣ ቁጥር ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ያንጠባጥብ ስለነበር ሰበካው በቆርቆሮ ለመለወጥ ቆረጠ። አባቴም በገበያና በበዓል ቀን ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ገልብጠው፣ መንገድ ዳር ይቆማሉ። መንገደኛ ያለውን ይጥልበታል። አብዛኛው ሳንቲም ነው፤ አልፎ አልፎ እንቁላል አለ።

መስከረም ላይ፣ በወሩ የማርያም ቀን፣ የአንድ ፈረንጅ መኪና እዚያው ፊት ለፊታቸው ጭቃ ያዘው። ከቅዳሴ የወጡት ሰዎች ገፍተው አወጡለት። ፈረንጁ ገንዘብ ቢሰጣቸው እምቢ አሉ፤ በበዓል ቀን መኪና መግፋት ጽድቅ ነው፣ ዋጋ ከተቀበሉበት ግን ሥራ ይሆናል። ሰውዬው ገንዘቡን እንደያዘ ወዲያ ወዲህ ሲያይ የተገለበጠውን ጃንጥላ አየ። ጣለበትና ሄደ። አሥር ዶላር ነበር።

በሳምንቱ እሑድ ቤተሰብ ልጠይቅ ስሄድ አባቴ ከዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ አውጥተው አሳዩኝ። እናቴ እሳቱ ዳር ተቀምጣለች። በትምህርት ቤት ከቀረበልኝ ናሙና ሌላ እውነተኛ ዶላር በእጄ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው። ቢሆንም ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ሕጉን ነገርኋቸው።

“አባ፣ ይኸን ቶሎ ለባንክ ማስገባት አለብዎ።”

“ስንት ይሰጣሉ?”

“ሃያ ብር ከሰባ ሳንቲም።”

“ዋጋውን የቆረጠው ማነው?”

“መንግሥት ነው።”

“ከማን ጋር ተጫርቶ?”

“ከማንም ጋር አልተጫረተም።”

“እንዲያማ ከሆነ እኔም የማርያምን ፍየል ለወንድሜ በቆረጥሁት ዋጋ መሸጥ እችላለሁ ማለት ነዋ” አሉ።

የእሳቸውም ሕግ አጭር ነበር። ለማርያም የገባ ነገር በዓመቱ በዓል፣ በሕዝብ ፊት፣ በጨረታ ብቻ ይሸጣል። ገበዝ ብቻውን አይሸጥም። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ገበዝ አንድ ማሰሮ ማር ገበያ ወስደው በትክክለኛው ዋጋ ሸጠው፣ ገንዘቡንም እስከ ሳንቲሙ አስገብተው፣ ከሹመታቸው ወርደዋል። ማንም ሌባ አላላቸውም። ሲሸጡ ማንም አላያቸውም፤ በቃ።

“ለእኔ ይስጡኝና ሰኞ ልመንዝረው” አልሁ።

“ገበዙ ለልጁ ሰጠ እንዲባል?”

ያን ጊዜ ቁጣዬ መጣ። “አባ! ይኸ እስር ቤት ያስገባል እኮ! ዛሬ ነገርሁዎት፤ ኋላ አልሰማሁም እንዳይሉ!” ብዬ ጮኽሁ። እናቴ አማተበች። አባቴ ዶላሩን ወደ ማኅደሩ መልሰው “ኅዳር ሃያ አንድ ቅርብ ነው። እስከዚያ ታግሠሽ ቁጪ” አሉ። እኔም ታገሥሁ። በደንቡ መሠረት ሰኞ ጠዋት በአባቴ ላይ ማመልከት ነበረብኝ። ሰኞ ጠዋት ሰሌዳውን ጻፍሁ።

ኅዳር ሃያ አንድ ፈቃድ ጠይቄ ሄድሁ። ብልሃት አዘጋጅቼ ነበር። ሃያ ብር ከሰባ ሳንቲም ቆጥሬ በመሐረብ ቋጥሬያለሁ። እጫረታለሁ፣ አሸንፋለሁ፣ በማግሥቱ ባንክ አስገባና ያንኑ ሃያ ብር ከሰባ ሳንቲሜን መልሼ እወስዳለሁ። የአባቴም ሕግ የመንግሥትም ሕግ ይጠበቃል። ከባንክ በቀር ማንም አይገዛም የሚለውን ደግሞ እኔ ራሴ ባንክ ነኝ ብዬ አለፍሁት።

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። አጫራቹ ድምፁ ወንዝ ማዶ የሚሰማ ሽማግሌ ነው። መጀመሪያ አንድ አውራ ዶሮ ወጣ። ቡሬ ገበያ ሦስት ብር የሚያወጣው ዶሮ አሥራ ስምንት ብር ገባ። ከዚያ ማር፣ ከዚያ ጃንጥላ። ከዚያ ሽማግሌው ዶላሩን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ “የፈረንጅ ብር! ለማርያም የገባች! ጀማሪዋ ማነው?” አለ።

“ሃያ ብር ከሰባ ሳንቲም!” አልሁ።

ሽማግሌው ጆሮውን ወደ እኔ አዘነበለ።

“ሰባዋ ምንድር ናት?”

“ሳንቲም ናት።”

ዋርካው ሥር የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። ከኋላዬ አንዲት ሴት “ወይ የቄሰ ገበዝ ልጅ! ባንክ ቤት ገብታ ከማርያም ጋር በሳንቲም ትከራከር ጀመረች?” አለች። አባቴ መሬት መሬት ያያሉ። ወዲያው አንዱ “ሃያ አንድ!” አለ፣ እኔም አፌን ዘጋሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ተጨማሪ ገንዘብ አጥቼ አይደለም። ከሃያ ብር ከሰባ ሳንቲም በላይ ያለው ወንጀል ነበር፣ ሃያ አንዱም ጭምር።

ወንጀሉ በፍጥነት አደገ። አገሩ አዊ የሆነ፣ ቡሬ አጠገብ የሚያርስ ሰውዬ አርባ አምስት ላይ አደረሰው። ይህ ሰው ነገሩን ከምር ሲይዘው በአማርኛ መቁጠሩን ትቶ በአገውኛ ለራሱ ይቆጥራል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያዩት ሌሎቹ ተዉለት። እልል ተባለ። ዶላሩን ተቀብሎ ተሳለመና “መልሼ ለማርያም ሰጥቻለሁ!” አለ።

በእኛ አገር እንዲህ ነው። ያሸነፈ ሰው ዕቃውን ለበረከት ገዝቶ መልሶ ይሰጣል፣ ዕቃውም እንደገና ለጨረታ ይወጣል። ያ አውራ ዶሮ በዚያ ቀን አራት ጊዜ ተሽጦ ማታ ቤታችን ከነነፍሱ አደረ። ዶላሩንም ሁለተኛ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በስልሳ ብር ገዛው። ሊቀ መንበሩ እንዲህ ያለ ቦታ መገኘት ስላልነበረበት ለጸጥታ ጥበቃ ነው የመጣሁ ብሎ ቅጥሩ ጋ ቆሞ ነበር፤ የተጫረተውም ከዚያው ነው። መልሶ ሰጠ። በሦስተኛው በሬ ሸጠው የመጡ አንዲት ባልቴት መቶ አሥር ብር ሰጡ፣ አልቅሰው መለሱት። ዝክሩ ደርሶ ሰው ባይነሣ ኖሮ አራተኛም ነበረ። አሥሩ ዶላር ሁለት መቶ አሥራ አምስት ብር አወጣና ዶላሩ እዚያው ቀረ። እንዲህ ያለ ምንዛሪ አዲስ አበባ አላስተማሩኝም።

በገንዘቡ ቆርቆሮ ተገዝቶ ታኅሣሥ ሳያልቅ ተመታ። ዶላሩን አሁንስ ይስጡኝ ብል አባቴ “ለጥር አስተርእዮ እንደገና ትወጣለች” አሉኝ። ደኅና ገቢ ያላት ዕቃ ሆናለች።

ወሬው ግን መንገድ ገባ። የቡሬ ገበያ ደርሶ ሲመለስ “እዚያ ደብር አንድ ዶላር በሃያ አንድ ብር ይመነዘራል” ሆኖ ነበር። አንድ ቀን ከመራዊ በኩል የመጣ ነጋዴ አባቴን በምስጢር ጠርቶ ከካልሲው ውስጥ ሁለት የታጠፉ ዶላሮች አወጣና በዚያው ሒሳብ ይግዙኝ አላቸው። አባቴ “ለማርያም ከሰጠሃቸው እናጫርታቸዋለን፤ ገንዘቡ ግን ላንተ አይዶለም” አሉት። ሰውዬው ተሰድቤያለሁ ብሎ ሄደ። ሲገባና ሲወጣ ያዩት ሰዎች ነበሩ። በማግሥቱ ሁለት ሚሊሻዎች መጥተው አባቴን ፍኖተ ሰላም ፖሊስ ጣቢያ አስገቧቸው።

በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ስንቃቸውን አደርሳለሁ። ተራ ነገር ነው የምናወራው፤ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ እናቴ እግር። ጉዳዩ ደብረ ማርቆስ ይላካል የሚል ወሬ ነበር። እዚያ የሚፈረደው በኢኮኖሚ አሻጥር ወንጀል ነው፣ አባቴም በዚያ ዕድሜያቸው ሄደው የሚመለሱ አይመስለኝም ነበር። ፈራሁ። ለእሳቸው ፈራሁ፣ ትንሽም ለራሴ ፈራሁ፤ ይህን አልደብቅም። ያወቀ ሠራተኛ ከአድራጊው እኩል ነው።

ከዚያ የአውራጃው ካድሬ ባንኩ ባለሙያ ይላክልኝ አለ። ሥራ አስኪያጃችን ጠርቶኝ “አባትሽ ስለሆኑ አንቺ መሄድ የለብሽም” አለኝ። ጥቂት ቆይቶ “ቅጹን መሙላት የሚችል ግን ሌላ ሰው የለም” አለ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ከመሳቢያዬ ሥር ማንም ሞልቶት የማያውቀውን ቅጽ አወጣሁ። ጠርዙን አይጥ በልቶታል።

ካድሬው ወጣት ነው፣ የማን ልጅ መሆኔን አያውቅም፤ ጠረጴዛው ላይ ከአንድ እርሳስና ከማኅተም ቀለም በቀር ምንም የለም። አባቴ ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ለምስክርነት ተጠርቶ በሩ ጋ ቆሟል። እኔ ከጎን ሆኜ የቅጹን ጥያቄ እያነበብሁ መልሱን እጽፋለሁ። አባቴ አላወቁኝም፤ ማለቴ፣ እንደማያውቁኝ ሆነው ተቀመጡ።

“ገንዘቡን የሰጠው ሰው ስም?”

“አልጠየቅሁትም። የሚመጸውት ሰው ስሙ አይጠየቅም።”

“የተቀበሉበት ቀን?”

“መስከረም ሃያ አንድ።”

ኅዳር ይሉ ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። መስከረም ሃያ አንድ ብዬ ጻፍሁ።

“ለማን ተሸጠ?”

አባቴ ቆጠሩ። ካድሬው በእርሳሱ እየደመረ ነው። ሁለተኛው ገዢ ጋ ሲደርሱ “ይኸው እዚህ የቆሙት ሊቀ መንበር፣ በስልሳ ብር” አሉ። ሊቀ መንበሩ ጣሪያ ጣሪያ አየ። ካድሬው እርሳሱን አስቀመጠና “ለሰፊው ሕዝብ ብለሽ ጻፊ” አለኝ።

“ዶላሩ አሁን የት ነው?”

አባቴ የዳዊታቸውን ማኅደር ከፍተው ዶላሩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ካድሬው ዶላሩን አየ፣ የደመረውን አየ፣ ወደ እኔ ዞረ።

“ጓዲት፣ አንድ ዶላር ሃያ አንድ ብር ከሃምሳ! ከመንግሥት ተመን አሥር እጥፍ በላይ! እንዲህ ያለ ምንዛሪ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?”

“አላውቅም። ደግሞም ሦስቱም ገዢዎች ባዶ እጃቸውን ነው የሄዱት። ዶላሩ ከቦታው ስላልተንቀሳቀሰ ምንዛሪ ልለው አልችልም” አልሁ። ይህ እውነት ነበር። ካድሬው በግንባሩ ላይ እርሳሱን እያንኳኳ ብዙ አሰበ።

“እሺ። ሽያጩ ይቅር። ግን ከመስከረም ጀምሮ ደብቆ መያዙስ? ቀጥዪ፣ የመጨረሻውን አንብቢ።”

የመጨረሻው እንዲህ ይላል፤ የውጭ ገንዘብ ይዞ መቆየት በሕግ የተከለከለ መሆኑን ያውቁ ነበር? ካወቁ ከማን ሰሙ?

አነበብሁት። እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ቆመ። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። አባቴን ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። እናቴ እንኳ ምግቡ ጣፈጥዎ ብላ ስትጠይቃቸው እየፈራች ነበር። አሁን ልጄ ነግራኛለች ይላሉ፣ ሁለታችንም እንጠፋለን አልሁ በልቤ።

“አልሰማሁም” አሉ። “የነገረኝ ሰው የለም።”

የካድሬው ፊት ወዲያው በራ። አሻጥረኛ ሲፈልግ መሃይም አገኘ፣ መሃይም ደግሞ በፕሮግራሙ ውስጥ ነበር። ስለ ድንቁርናና ስለ ያለፈው ሥርዓት ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። “አየሽ፣ የውጭ ገንዘብ ክልክል ነው የሚለው ማስታወቂያ በገበሬ ማኅበሩ በር ላይ ተለጥፎ ከረመ፤ ቄሶቹ እንደሆኑ ዳዊቱን በቃላቸው ነው የሚሉት፤ ማንበብ ካልቻለ ምን ያድርግ? ይኸ ሰው መቀጣት ሳይሆን መማር ነው ያለበት” አለና የማኅተሙን ቀለም ወደ አባቴ ገፋው። “በል፣ አውራ ጣትህን እዚህ ላይ አድርግ።”

አባቴ በእጃቸው የጻፏቸው የብራና መጻሕፍት በሦስት አድባራት ይነበባሉ። እንዲያ ያለ የእጅ ጽሑፍ ከእሳቸው ወዲህ አላየሁም። መጻፍ እችላለሁ ቢሉ ግን ማስታወቂያውን ማንበብ ይችሉ ነበር ማለት ነው። ቀኝ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከሩና ከጻፍሁት በታች አሳረፉት። እኔም ወረቀቱ እንዳይሸሽ በሁለት ጣቴ ያዝሁላቸው።

ዶላሩን ተረክቤ ሃያ ብር ከሰባ ሳንቲም ቆጥሬ ሰጠኋቸው። ደረሰኝ ቆረጥሁ። ተለቀቁ።

ቅጣታቸው መሠረተ ትምህርት ሆነ። ሳምንት ሦስት ቀን በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ይማራሉ። አስተማሪው ፊደልም ዳዊትም ከአባቴ እግር ሥር የተማረ ጎልማሳ ነው። ቀና ብሎ ሳያያቸው “ሀ በሉ” ይላል፣ አባቴም ከሌሎቹ ጋር ሀ ይላሉ። ሲጨርሱ ማንበብና መጻፍ መቻላቸውን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። እናቴ እሳት ልትጨምረው ነበር። እሳቸው ግን ዶላሩ ወደነበረበት ማኅደር አስገቡት።

ከተፈቱ በኋላ የመጀመሪያው እሑድ ወደ ደብሩ ሄድሁ። ቅዳሴ ገብቷል። አባቴን ከቀዳሾቹ ጋር አጣኋቸው። በኋላ ሳይ ከውጭ፣ ወደ ውስጥ መግባት የማይችሉ ሰዎች በሚቆሙበት በቅጥሩ ሥር፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ከበላያቸው አዲሱ ቆርቆሮ ፀሐዩን ያንጸባርቃል። ሰው ሁሉ እስር ቤት ታመው ነው ይል ነበር።

አጠገባቸው ሄጄ “አባ፣ ለምን አይገቡም?” አልሁ ቀስ ብዬ።

“የንስሐ አባቴ አርባ ቀን ሰጡኝ።”

“ለአንዲት ቃል?”

“ለቃሏ ሃያ፣ ለጣቴ ሃያ።”

ቅዳሴውን እንሰማ ጀመር። እኔ ግን አልቻልሁም። “የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ የእኔስ?” አልሁ።

“የአንቺ ምን አለ? የተባልሽውን ነው የጻፍሽ።”

አለቀስሁ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀስሁት፣ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ። “ነግሬዎት ነበር እኮ፣ አባ” አልሁ።

“ነግረሽኛል” አሉ፣ ጃንጥላውን ወደ እኔ እያዘነበሉ። “ደኅና አድርጌ ሰምቼሻለሁ።”

ቅዳሴው እስኪያልቅ ከቅጥሩ ሥር አብረን ቆምን።